ከላይ እነሱ፣ ከታች እኛ

ቡሬ መገንጠያው ላይ፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ፣ የልብስ ስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከፍኖተ ሰላም የሚመጣው፣ ወደ ኮሶበር የሚያልፈውና ወደ ወለጋ የሚገነጠለው መኪና ሁሉ የሚተራመሰው ፊቴ ላይ ነበር። አይሱዙው ጡሩምባውን ይነፋል፤ ባጃጁ በአህያ ሆድ ሥር ልሹለክ ይላል፤ በርበሬ የጫነ ገበሬ ደግሞ መሐል አስፋልት ላይ ዘመዱን አግኝቶ ሰላምታዬን ሳልጨርስ አልነቃነቅም ይላል። የእኛ አገር ሰላምታ ከልጆቹ ጀምሮ እስከ ላሟ ጤንነት ነው፤ ሹፌር ሆዬ ይጠብቅ። በዚህ መሐል ሰው ይገጫል፣ ከብት ይገጫል። እንግዲህ መገንጠያው ፈርሶ በአዲስ መልክ ሊሠራ ነው ሲባል ሕዝቡ እልል ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን ወሬውን የሰማሁ ዕለት የአንድ ተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ ጫፉን ደፍኜ ሰፋሁት።

ምክንያቱ ድልድዩ ነው። መገንጠያው ሥር የክረምት ጎርፍ የሚያልፍበት ጠባብ የድንጋይ ድልድይ ነበረ። በጋ ላይ ደረቅ ነው፤ ሰው ጎንበስ ካለ ከመንገዱ በታች ወደ መንገዱ በላይ በሥሩ ሊሻገር ይችላል። የእኛ ቤት ከመንገዱ ታች ነበር። ገበያው፣ ወፍጮውና ቤተ ክርስቲያኑ ከመንገዱ በላይ ናቸው። አዲሱ ፕላን ያንን ድልድይ ይደፍነዋል ተባለ።

ወንድሜ ሰው ገድሏል። ይህን በወረቀት ላይ ማስፈር እንዲህ ቀላል መሆኑ ይገርመኛል፤ በአፌ ብዬው አላውቅም። ገና ገጠር ሳለን፣ በመሬት ሽግሽጉ ጊዜ፣ ከጎረቤታችን ጋር በወሰን ተጣላ። የተጣሉበት ወሰን አንድ በሬ እንኳ በወጉ የማይጋደምበት የሣር ቁራጭ ነበር። ዱላ ተማዘዙ፤ ሰውየው በወደቀበት ቀረ። ወንድሜ እጁን ሰጥቶ ፍኖተ ሰላም ታሰረ፤ የሰላም መንገድ በምትባል ከተማ ወጣትነቱን ጨርሶ ወጣ። እኛም መሬቱን ጥለን ቡሬ ገባን። አባቴ ሞፈርና ቀንበር እየጠረበ፣ እኔ እየሰፋሁ ኑሮን ጀመርነው።

ሕግ የፈረደውን ፈረደ፤ ደም ግን ፍርድ ቤት አይዘጋውም። ሽማግሎች ለእርቅ ወጡ ወረዱ። የሟች እናት አመድ ላይ ተቀምጠው፣ «እኔ በሕይወት እያለሁ የታረቀ ከማኅፀኔ አልወጣም» ብለው ገዘቱ። ሟች አንድ ወንድም ነበረው። በአህያ አሸዋ እያመላለሰ የሚኖር ዝምተኛ ሰው ነው፤ ባለአህያው እያልሁ ልጥራው። የእናት ግዝት እሱን አሰረው። መታረቅ አይችልም። ወንድሜን መንገድ ላይ ካገኘውና ዝም ብሎ ካለፈ ደግሞ ከሰው አይቆጠርም።

ሽማግሎቹ እርቁ ሲያቅታቸው መንገድ ለዩልን። ከላይ እነሱ፣ ከታች እኛ። ባለአህያው ከወለጋ መንገድ በኩል ካለው መንደሩ ሲመጣ በአስፋልቱ ይሄዳል፤ አባቴና ወንድሜ በድልድዩ ሥር ያልፋሉ። ዓይን ለዓይን ካልተጋጠሙ ማንም ማንንም አላየም። ሴት ደም አይፈለግባትምና እኔና እናቴ በላይም በታችም እንሄዳለን። ክረምት ጎርፉ ሲሞላ ወንድሜ ከቤት አይወጣም ነበር። በጋ ሲገባ ቀንበሩን በትከሻው አጋድሞ፣ አንገቱን ደፍቶ በዚያ ጉድጓድ ይሹለከለካል። በአንዱ በኩል ሲገባ ከበረንዳዬ አየዋለሁ፤ በሌላው በኩል እስኪወጣ እግሬ ፔዳሉን አይረግጥም። ደንበኞቼ መኪናሽ ምን ሆነ ይሉኛል። ክር ተጠመጠመ እላለሁ።

ይህን ነገር ድፍን ከተማው ያውቃል። ፖሊሱም ሳያውቅ የቀረ አይመስለኝም። ነገር ግን ማንም አያነሣውም። ደም በሰው ፊት ከተነሣ ባለደሙን «እስከ ዛሬ ምን ትጠብቃለህ?» ማለት ነውና፣ ያ ሰው ሳይገድል አይውልም። ስለዚህ የወንድሜ ሕይወት የቆመው በሁለት ነገር ነበር፤ በድልድዩና በሰው ዝምታ።

ስብሰባው በቀበሌው አዳራሽ ተጠራ። የነዋሪ አስተያየት ይሰበሰባል ተባለ፤ ወንድሜን ቤት ትተን ሄድን። ሊቀ መንበሩ የተለመደውን አደረሰ፤ ልማት ያለ ሕዝብ ተሳትፎ እንደማይሆን፣ አንድ ለአምስት ተደራጅተን እንደምንደግፈው፣ ድብቅ ፀረ ልማት ካለ ግን ራሱን እንዲፈትሽ ተናገረ። እንዲህ ተብሎ አስተያየት የሚሰጥ ካለ ጀግና ነው። ከዚያ ከባሕር ዳር የመጣው ወጣት መሐንዲስ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ለጠፈ። መሐል ላይ ክብ አደባባይ፣ ዙሪያውን የብረት አጥር፣ ለእግረኛ አንድ ዜብራ። ሁሉም ሰው በዚያች አንዲት ዜብራ ይሻገራል። ድልድዩ ተደፍኖ ውኃው በቱቦ ይሄዳል። መሐንዲሱ ደግ ልጅ ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ እሱን እየረገምሁ እኖር ነበር።

መጀመሪያ የተነሡት መንገድ የለዩልን ሽማግሌ ናቸው። ጭራቸውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አሉና፣

«ልጄ፣ እንግዳ ነህና አገሩን አታውቀውም። ውኃ የለመደውን መንገድ ከነሡት ቤት ነው የሚገባ። ያን ድልድይ ተዉልን፤ ሌላውን እንደወደዳችሁ አድርጉ» አሉ።

«ልክ ብለዋል አባቴ» አለ መሐንዲሱ። ሥዕሉ ላይ በእስክርቢቶው እያሳየ ቱቦው ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ አስረዳቸው። አንድም ቤት አይነካም አላቸው። ሽማግሌው ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

አንድ ቄስ ታቦት ሲወርድ ምእመናኑ በዚያች ጠባብ ዜብራ እንዴት ይበቃል አሉ። አጥሩ ለበዓል ቀን ይነሣል ተባሉ። የጠጅ ቤቷ ባለቤት ድልድዩ ሥር ደሀ ይጠለልበታል አለች፤ በሕይወቷ ለደሀ አዝና የማታውቅ ሴት ናት። ለደሀ መጠለያ በሌላ በጀት ይታሰባል ተባለች። ሰው በየተራ ይነሣል፣ ያልሆነ ምክንያት ያመጣል፣ መሐንዲሱ ለዚያ ላልሆነ ምክንያት ጥሩ መልስ ይሰጣል፣ ሰውየው ይቀመጣል።

ከዚያ አባቴ ተነሣ። ጋቢውን አደግድጎ፣ ሁለት እጁን አጣምሮ፣

«እኔ ቀንበር ነው የምሸጥ» አለ። «ከታች በኩል መሻገር ለምዶብኛል። አስፋልቱ ላይ መኪና ያስፈራኛል።»

አባቴ አንድ ነገር ፈራሁ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከአዳራሹ አንድም ሰው አልሳቀም። መሐንዲሱ ግን ፊቱ በራ። «አባቴ፣ እኛም ይህን ሁሉ የምንደክመው መኪና እንዳያስፈራዎት አይደል? ዜብራው ላይ መኪና ሁሉ ይቆምልዎታል፤ እንደ ንጉሥ ነው የሚሻገሩት» አለ። ከፊት የተቀመጡት የቀበሌ ሰዎች አጨበጨቡ። አባቴ እጅ ነሥቶ ተቀመጠ።

በመጨረሻ ባለአህያው ተነሣ። ከእኛ ፊት ነበር የተቀመጠው፤ እስከዚያ ድረስ ጀርባውን ብቻ ነበር የማየው። አዳራሹ ውስጥ የሚያስለው ሁሉ ሳሉን ዋጠ። አባቴ መሬት መሬቱን ያያል። እናቴ ነጠላዬን በጥፍሮቿ ጨምድዳ ያዘች።

«አህዮቼ» አለ ባለአህያው፤ «አህዮቼ ከዚያ ድልድይ ሥር ነው ውኃ የሚጠጡ። ከደፈናችሁት በጥም ያልቁብኛል። እባካችሁ ጌቶቼ።»

ድልድዩ ሥር በጋውን ሙሉ ጠብታ እንደሌለ ሕፃን ያውቃል። ደግሞ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለአህያ ውኃ ብሎ እንዲያ ድምፁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይቼ አላውቅም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ባለአህያው ማለት ለእኔ ጋቢ የለበሰ ሞት ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውየው መግደል አይፈልግም። ያ ድልድይ ወንድሜን ከሞት እንደጠበቀው ሁሉ እሱንም ከመግደል ጠብቆታል፤ አሁን ሊወሰድበት ነው፤ ስለዚህ እየለመነ ነው። እንደ አባቴ፣ እንደ እኔ ይለምናል።

መሐንዲሱ ከሥዕሉ ጠርዝ ላይ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ሣለ። «ለአህዮችዎ እዚህ ላይ ገንዳ እንሠራለን። የቧንቧ ውኃ ይገባለታል። ይኼ ጥሩ አስተያየት ነው» አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። ባለአህያው ትንሽ ቆመ፤ ሌላ ነገር የሚል መስሎኝ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ተቀመጠ።

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ተነሥቼ፣ የአህያ ውኃ አይደለም፣ የሰው ደም ነው ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትሁ። እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔ ያን ቃል ብናገር ባለአህያው እዚያው በሰው ፊት ባለደም ተብሎ ይጠራ ነበር። አፌን ዘጋሁ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የነበረው ሕዝብ የፈለገው አንዲት ነገር ነበር፤ የተናገረው ግን ስለ ጎርፍ፣ ስለ ደሀና ስለ አህያ ነው። ነዋሪው በሙሉ ድምፅ ደግፏል ተብሎ ተጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን።

ድልድዩን የደፈኑት በአንድ ጧት ነው። ገልባጭ መኪናው ድንጋይና አፈር ይዞ መጣ፣ ጀርባውን አነሣ፣ አለቀ። እናቴ ከቤት ደጃፍ ቆማ ታየው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ ቤት ዋለ። ከአንድ እስር ቤት ወጥቶ ወደ ሌላው ገባ፤ የአሁኑ የሚፈታበት ቀን እንኳ የለውም። ቀንበር ይጠርባል፤ በሽማግሌ ላይ እጅ አይነሣምና አባቴ በዚያ ዕድሜው ተሸክሞ ገበያ ያወጣል። አደባባዩ አማረ። አበባ ተተከለበት፤ ሙሽሮች ፎቶ ይነሡበት ጀመር። ከመኪና አደጋም ብዙ ሰው ድኗል፤ ይህን መካድ አልችልም። በረንዳዬ ላይ ሆኜ የዳነውን ሕዝብ ሁሉ ሲሻገር እያየሁ አንዳንድ ቀን እጠላው ነበር። ይህ ኃጢአት ከሆነ ይሁን።

አባቴ ደረቱን ታሞ ሞተ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ እኛ የፈራነው ደግሞ የእሱን ሞት ብቻ አልነበረም። ሬሳው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በዚያች ዜብራ ነው የሚሻገረው፤ ቀኑ ደግሞ ገበያ ነው። ሽማግሎቹ ወንድሜን ለመኑት። «አንተ ቅር፤ በሰልስቱ መቃብሩን ታያለህ፤ ማንም አይታዘብህም» አሉት።

«አባቴን በሰው ትከሻ ብቻ አልሸኘውም» አለ። ቃሬዛውን ከፊት ያዘ።

ወደ መገንጠያው ስንወጣ ባለአህያው ገንዳው አጠገብ ቆሞ ነበር። አሸዋ የጫኑ አህዮቹ ውኃ ይጠጣሉ። ዜብራው ከገንዳው ጥግ ነው፤ ሌላ መሻገሪያ የለም፤ አጥሩ ወገብ ይደርሳል። ባለአህያው ጋቢው ሥር ምን እንደያዘ ሁላችንም እናውቃለን። ሬሳ ሲሄድ በየመንገዱ እያረፈ ፍትሐት ይደረስለታል፤ መገንጠያው ላይ ሁልጊዜ አንዱ ማረፊያ ነበር። ያን ቀን ቄሱ ማረፊያውን ሊያልፉት ፈለጉ መሰለኝ ርምጃቸውን አፈጠኑ፤ ተሸካሚዎቹ ግን ከልማድ የተነሣ ቆሙ። ወንድሜና ባለአህያው ተያዩ። ከዚያ የሣር ቁራጭ ወዲህ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ያኔ የመጀመሪያቸው ነው። እኔ መንገድ ዳር ተቀመጥሁ።

የባለአህያው እጅ ወደ ጋቢው ውስጥ ገባ። ከዚያ ዞረ። ወደ ገንዳው ዞሮ፣ በወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ ውኃውን በእጁ ያማስል ጀመር። በአገራችን ሬሳ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ቆሞ ፊቱን ወደ ሬሳው ያዞራል፤ ጀርባ መስጠት ትልቅ ነውር ነው። እሱ ለአባቴ ሬሳ ጀርባውን ሰጠ፤ እንዳላየ ለመሆን ነው። ፍትሐቱ እስኪያልቅ፣ የመጨረሻው ለቀስተኛ እስኪሻገር ድረስ እንዳጎነበሰ ቆየ። ያንን ጀርባ እስክሞት አልረሳውም። ሮጬ ሄጄ ልስመው ፈልጌ ነበር።

አባቴን ቀበርነው። ወንድሜም በሕይወት ወደ ቤቱ ገባ። እናቴ ሐዘን ላይ ተቀምጣ እንኳ ፊቷ ላይ አንድ የተስፋ ነገር ይታይ ነበር፤ ያ ሰው ከተወን እርቁም ይመጣ ይሆናል ብላ ነው።

አልመጣም። ሁሉም ሰው አይቶ ነበር። አንድ ቀን በማኅበር ጠላ ላይ አሳላፊው ለሰው ሁሉ ከፊት ለፊት ሲያድል ቆይቶ፣ ባለአህያው ጋ ሲደርስ ከኋላው ዞረና ዋንጫውን በትከሻው ላይ አሳልፎ ሰጠው። «ፊትህ በየት በኩል እንደሆነ ብናጣው ጊዜ ነው፤ አትቀየመን» አለው። ሰው ሳቀ። ባለአህያው ዋንጫውን ተቀበለ፣ ሳይቀምስ መሬት ላይ አኖረው፣ ወጥቶ ሄደ። ይህን የነገረችኝ እዚያው የነበረች ደንበኛዬ ናት። ቀሚሷን እየለካሁላት ስታወራኝ ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። ወንድሜን ያዳነው ያ ጀርባ አሁን ሊያስገድለው ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወንድሜ ሄደ። የእናቴ ወገን የሆነ ሹፌር በርበሬ ጭኖ ወደ ወለጋ ይወርድ ነበር፤ ወንድሜን በጆንያዎቹ መሐል አስገብቶ ሸራ ጣለበት። እናቴ ቀሚስ የምትለካ መስላ በረንዳዬ ላይ ተቀምጣለች። መኪናው ከታች መጣ፤ አደባባዩን ለመዞር ፍጥነቱን ቀነሰ። ባለአህያው ገንዳው ጋ ነበረ። ያን ጊዜ ከሸራው ሥር ማስነጠስ ተሰማ፤ አንዴ፣ ደግሞ ሌላ። በርበሬ ነዋ። ባለአህያው ቀና አለ፤ መኪናውን አየ። እናቴ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አላወጣችም፤ እኔ ግን አነበብሁት። «ይማርህ» ነው ያለችው። መኪናው ዞሮ ወደ ወለጋ ወረደ። ልጇን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችው እንዲያ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ሹፌር አየሁት አለን፣ ሌላው አላውቀውም አለን። እናቴ ልቧ በመንገድ ላይ ቀረ። ከበረንዳዬ አትጠፋም፤ ከወለጋ በኩል የሚመጣውን መኪና ሁሉ ሸራውን ታያለች። ዘንድሮ ሳይመጣ አይቀርም ትላለች፤ የሰዉ አፍ በርዷል ትላለች። እኔም ማመን ጀምሬ ነበር። በሹፌሮች በኩል ና ብለን ልንልክበት ተማክረናል።

አንድ ገበያ ቀን ባለአህያው የተቀደደ ጆንያ ይዞ በረንዳዬ ላይ መጣ። በዚያ ሁሉ ዓመት አነጋግሮኝ አያውቅም። ጠጉሩ ሸብቷል። ጆንያውን መኪናዬ ላይ አኖረና ፊቱን ወደ አደባባዩ አድርጎ ቆመ። እናቴ ከሱቁ ውስጥ ነበረች። እኔም መስፋት ጀመርሁ።

«ሰውየው ደኅና ነው?» አለ፤ አላየኝም።

«ደኅና ነው ይላሉ።»

«እግዜር ይመስገን።» መርፌው ይመታል። «ሊመጣ ነው ሲባል ሰማሁ። እንዳይመጣ በይው፣ እቴ። እናቴ ገና ብርቱ ናት። እኔ ደግሞ ሁለተኛ የማዞረው ጀርባ የለኝም።»

ጆንያውን ሰፍቼ ሰጠሁት። ተቀብሎ በዜብራው ተሻገረ፤ አንድ ባጃጅ በትሕትና ቆመለት። እናቴ እየተጣደፈች ወጣች። በእጇ በሩን ይዛ፣ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል፣

«ምን አለሽ? ስለ ልጄ ነው? ሆዱ ራርቶ ይሆን?» አለችኝ።

«ስለ ገንዳው ነው» አልኋት።

«ገንዳውማ ከደረቀ ቆየ» አለችና በዚያው ተቀምጣ ከወለጋ የሚመጣውን መኪና ትመለከት ጀመር።